በሰላም ደርሰዋል

እኔ አጎት የለኝም። አባቴ ለእናቱ አንድ ነበር፤ እናቴም ወንድም አልነበራትም። ይህን ባለቤቴ ታውቃለች፤ ሌላው ሰው ግን ምን ያውቃል? ስለዚህ ሃያ ዘጠኝ ቀን ሙሉ የሠፈሩ ሰው «የአጎትህን ነፍስ ይማር» ባለኝ ቁጥር፣ ዓይኔን በጨው አጥቤ «አሜን» ስል ከረምኩ።

ይህን አጎት የሰጠኝ ጠበቃው ነው። ጠበቃ እንዳይመስላችሁ፤ መካኒክ ነው። ስሙን ያወጣንለት እኛ ሾፌሮች ነን፤ የተጋጨ መኪና ሲያቃና የሾፌሩንም አፍ አብሮ ያቃናል። ለትራፊክ ፖሊስ ምን ይባላል፣ ኢንሹራንስ ቢጠይቅ ምን ይመለሳል፣ እሱ ጋ ለሁሉም መልስ አለ። ሾፌር ሲጋጭ መጀመሪያ የሚደውለው እሱ ጋ ነው። እኔም ደወልኩ። አምቡላንሱን የጠራው አንድ መንገደኛ ነው። አሳፍሬያቸው የነበሩት ሽማግሌ ከኋላ ወንበር ተወርውረው በሁለቱ የፊት ወንበሮች መሃል እንደተደፉ፣ እኔ የእግረኛ መንገዱ ጠርዝ ላይ ቁጭ ብዬ መካኒክ ጋ እየደወልኩ ነበር። እንዲህ ነኝ እንግዲህ፤ መጸየፍ የፈለገ ከአሁኑ ይጸየፈኝ።

«ጉዞው ክፍት ነው ዝግ?» አለኝ ጠበቃው።

«ዝግ።»

«እሰይ! በቃ፣ ዘመዴ ናቸው በል። አጎቴ ናቸው፣ ሐኪም ቤት እያደረስኳቸው ነበር በል። ከዚያ ውጪ አንዲት ቃል እንዳትጨምር።»

ሰውየው ተረፉ ወይ አላለኝም። እኔም አልነገርኩትም።

ለማያውቅ ላስረዳ። በስልክ ጥሪ ሰው የማመላልስ ሾፌር ነኝ። የእኛ ሥራ ሁለት ኢንሹራንስ አለው። አንደኛው የራሴ ነው፣ የመኪናዬ። እሱ ሰው በክፍያ ጭኜ ከተጋጨሁ አላውቅህም ይለኛል። ሁለተኛው የጥሪ ድርጅቱ ነው። ድርጅቱ ተሳፋሪውን ከገባበት ደቂቃ ጀምሮ እኔ ስልኬ ላይ ባለው የድርጅቱ አፕ «ጉዞ ጨርስ» የምትለውን እስክነካ ድረስ ይሸፍናል። ከነካሁ በኋላ ተሳፋሪ የሚባል ሰው የለም። አጎቴ ናቸው ካልኩ የራሴው ኢንሹራንስ መኪናዬን ያሠራልኛል፤ ለባለመኪናው ዘመድ ሞት ግን ካሳ አይከፍልም። እንግዲህ ሽማግሌው በአንዱ ወረቀት ወርደው ሄደዋል፣ በሌላው የእኔ ዘመድ ናቸው። በሁለቱም ወረቀት የሚከፈልላቸው የለም። ይህን ሁሉ አስቤ አደረግኩት ብል ውሸት ነው። ግን ሲገባኝም አላረምኩትም።

ያ የተዘጋ ጉዞስ? እሱም የሥራችን ዘዴ ነው። እውነቱን ልናገርና፣ ጉዞውን መድረሻው ላይ የሚዘጋ ሾፌር አላውቅም። አፑ ቀጣዩን ጥሪ የሚሰጠው ጉዞውን ለዘጋ ነው። ሐኪም ቤት በር ላይ፣ ገበያ በር ላይ ሁሌ አምስት ስድስት መኪና ይሻማል። ስለዚህ የመጨረሻው ኩርባ ጋ ስንደርስ ዝግ እናደርጋታለን። ማን ይሞታል? እንል ነበር። በዚህ አፌ እኔ ራሴ ስንቴ ብያለሁ።

*

መኪናዋ ጋራዥ በገባች በአሥረኛው ቀን ጠበቃው ጠራኝ። የቆመ የጭነት መኪና ኋላ የገባው አፍንጫዋ ተቃንቷል፤ ቀለም ብቻ ቀርቷል። ባትሪዋን ሲያስር ደወሉ ጀመረ። ቲን፣ ቲን፣ ቲን።

«ማነው ኋላ የተቀመጠው?» አለ እየሳቀ።

ማንም አልነበረም። የኋላ ወንበር ላይ ሰው ተቀምጦ ቀበቶ ካላሰረ የሚጮኸው ደወል ነው። ጠበቃው ወንበሩን ደበደበው፣ ቀበቶውን አሰረ፣ ፈታ፣ መልሶ አሰረ። ቲን፣ ቲን፣ ቲን።

«ሴንሰሩ ተጨፍልቆ ነው» አለ። «ሰው የተቀመጠ ይመስለዋል።»

«አጥፋልኝ።»

«አዲስ እስክናገኝ…»

«አጥፋልኝ አልኩህ! አማርኛ አይገባህም?»

ትክ ብሎ አየኝና ወንበሩ ሥር ገብቶ ሽቦውን ቆረጠው። ጸጥ አለ። ጋራዡ ውስጥ ጸጥ አለ ማለቴ ነው፤ እኔ ጆሮ ውስጥ መች ጸጥ ብሎ! ቤት ገብቼ ባለቤቴ ሻይ ስታማስል ማንኪያው ብርጭቆውን ሲነካው ከመቀመጫዬ ዘልዬ ተነሳሁ። ሻዩ ጠረጴዛው ላይ ተደፋ። ባለቤቴ ጨርቅ አምጥታ ስትጠርግ ቆየች፤ ቀና ብላ አላየችኝም።

«የሌለህን አጎት ስትቀብር ዝም አልኩህ» አለች። «ግን የሰው አባት ሰርቀህ መጥተሃል። እስከ መቼ ልትደብቃቸው ነው?»

ጮህኩባት። የምንበላው ከየት እንደሚመጣ፣ አፑ ከተዘጋብኝ ምን እንደምንሆን፣ ለፖሊስ የሰጠሁት ቃል በሐሰት ቢገኝ የት እንደምገባ፣ አንድ በአንድ ቆጠርኩላት። ጨርቁን ጨምቃ ወደ ጓዳ ገባች። ከዚያ ቀን ወዲህ እኔ ባለሁበት ሻይ በማንኪያ አማስላ አታውቅም። ስኳሩን ሳታማስለው ትጠጣዋለች።

*

ከአደጋው በሃያ ዘጠነኛው ቀን፣ ቀትር ላይ፣ መኪናዬን ልወስድ ጋራዥ ስገባ አንዲት ሴት በሩ ጋ ቆማ አገኘሁ። ሠላሳ ዓመት ቢሆናት ነው። የልብስ ስፌት ፋብሪካ ሰማያዊ ጋውን ለብሳለች፤ አንገትጌዋ ላይ ክር የተጠመጠመበት መርፌ ተሰክቷል። ወዲያው አወቅኳት። የሽማግሌው ልጅ ናት። ያን ቀን ጠዋት ከቤታቸው በር ላይ አባቷን ደግፋ ያስገባችልኝ፣ በራሷ ስልክ ጥሪውን ያዘዘችው እሷ ነበረች።

«ስልክዎን አላነሳ ሲሉኝ ነው» አለች። «ጋራዡን ከኢንሹራንስ ሰዎቹ ጠይቄ መጣሁ።»

ትጮህብኛለች ብዬ ጠበቅኩ። ብትጮህ እኔም መጮህ አያቅተኝም ነበር። እሷ ግን በቀስታ ነው የምታወራው፣ ተራ እንደሚጠብቅ ሰው።

«አጎቴ ናቸው ብለዋል አሉኝ።»

ጠበቃው የሚያጠብቀውን ብሎን ትቶ ጆሮውን ሰጠን።

«አባቴ ወንድም የለው፣ እህት የለው። ግን ግድ የለም፤ እሱን ልጠይቅዎ አልመጣሁም።» ስልኳን አውጥታ አሳየችኝ። «ይቺ ናት ያልገባችኝ።»

መልእክቷ አጭር ናት። ውድ ደንበኛችን፣ ተሳፋሪዎ በሰላም ደርሰዋል። አራት ሰዓት ከሠላሳ አንድ።

«ሥራ ላይ ነበርኩ» አለች። «ፈረቃ የሚቀይረኝ አጥቼ ነው ብቻውን የላክሁት። አብሬህ እሄዳለሁ ብዬው ነበር። ይቺን መልእክት ሳይ ተመስገን ብዬ ስልኬን ኪሴ ከተትኩና መስፋቴን ቀጠልኩ። ደስ ብሎኝ ነበር እኮ። ከዚያ ተደወለልኝ። ከደረሰ ለምን መኪናው ውስጥ ተገኘ?»

ከስልኳ ላይ ዓይኔን ወደ መኪናው አዞርኩ።

«እኔ የመሰለኝን ልንገርዎት? ደርሶ፣ አጠገቡ የለሁም፤ ያለ ልጄ አልገባም ብሎ መልሰኝ ብሎዎታል። ተመልሳችሁ ስትመጡ ነው። እንደዚያ ነው አይደል? ስለዚህ ነው ቀበቶውንም ያላሰረው። እኔ ራሴ ነበርኩ ጠበቅ አድርጌ ያሰርኩለት። ለፖሊስ ስነግራቸው ሲያገኙት አልታሰረም አሉኝ።»

ስታስርላቸው እዚያው ነበርኩ፤ በመስታወት አይቻለሁ። ያደረገችውን ብቻ ሳይሆን ያለችውንም ሰምቻለሁ። «አባዬ፣ ስልኩ ደርሰዋል ሲልህ ነው የምትፈታው፤ ከዚያ በፊት እንዳትነካት» ብላቸዋለች። ሽማግሌው አንደኛው ዓይናቸው ባለፈው ቀን ተቀዶ በፋሻ ታስሯል፤ ሌላኛውም ከደበዘዘ ቆይቷል። ፋሻውን ሊያስፈቱ ነበር የሚሄዱት። «እሺ እመቤቴ» አሏት፤ ሳቀች።

«ነገ ሠላሳ ቀን ይሞላል» አለች ልጅቷ። «ከነገ በኋላ ድርጅቱ ማመልከቻ አይቀበልም። እናቴ አልጋ ላይ ናት። ሰው ቀጥረን የምናስጠብቃት በአባቴ ጡረታ ነበር፤ እሱ ቀረ። ካሳው ከሌለ እኔ ሥራዬን ትቼ ቤት መቀመጤ ነው። ግን እሱም ይቅር። መልሰኝ ሲል ምን አለ? ተቀይሞኝ ነበር?»

አልተቀየሙሽም የምትል አንዲት ቃል ነበረችኝ። ዋጥኳት።

እሷም ወደ መኪናው ሄደች። የኋላውን በር ከፍታ፣ ሳታስፈቅድ፣ አባቷ የተቀመጡበት ቦታ ላይ ተቀመጠች። እጇን በወንበሩ ጨርቅ ላይ አሳለፈች።

ቲን፣ ቲን፣ ቲን።

ጠበቃው ቁልፉ ከእጁ ወደቀ። «እንዴ! ቆርጬዋለሁ እኮ!» አለ። «በገዛ እጄ ነው የቆረጥኩት!»

«ምንድን ነው?» አለች ልጅቷ።

የመለሰላት ጠበቃው ነው። ያ ለሁሉም ነገር መልስ ያለው ሰው፣ «ቀበቶ ያላሰረ ሰው ሲቀመጥ ነው የሚጮኸው» አላት። ሌላኛው መስመር ሳይቋረጥ ቀርቶ ነው፣ ምናምን፣ በኋላ ብዙ ነገር ነግሮኛል። እኔ አልሰማሁትም። እሷ ቀበቶውን ስባ አሰረችው። ደወሉ ቆመ። እንደታሰረች ትንሽ ተቀመጠችና፣ ፈትታ፣ ወርዳ፣ በሩን በቀስታ ዘግታ ሄደች።

«ዝም በል» አለኝ ጠበቃው ጥቂት ቆይቶ። «ነገ ካለፈ አለፈ።»

መኪናዬን ሳልወስድ በእግሬ ወደ ቤት ሄድኩ።

*

በማግስቱ የድርጅቱ የካሳ ክፍል ስገባ ልጅቷ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጣለች። ፋይሏን ጉልበቷ ላይ አድርጋለች። ስታየኝ አልተገረመችም፤ ወይም የሚገረም ነገር አልቀራትም። ግድግዳው ላይ የተራ ቁጥር የሚያሳይ ሰሌዳ አለ። ቁጥሩ በተቀየረ ቁጥር ደወል ይደውላል። ቲን። ሌላ ድምፅ ጠፍቶ ነው? ተናደድኩ። ደጋግሜ ልወጣ ተነሳሁ፤ ደጋግሜ ተቀመጥኩ።

ቁጥሯ ሲጠራ አብሬያት ተነሳሁ። መስኮቱ ውስጥ ያለችው ሠራተኛ መነጽሯን አውልቃ ዓይኗን ስታሽ ነበር።

«ይህ ማመልከቻ ተመልሷል እኮ፣ እህቴ» አለቻት። «ጉዞው አራት ከሠላሳ አንድ ላይ ተጠናቋል።»

«አልተጠናቀቀም» አልኩ። «ሾፌሩ እኔ ነኝ። ሳንደርስ ነው የዘጋሁት።»

ሠራተኛዋ መነጽሯን አደረገች። «ያውቃሉ የሚሉትን? ይህን ከፈረሙ አፑ ለዘለቄታው ይዘጋብዎታል። ለራስዎ ኢንሹራንስም፣ ለፖሊስም ግልባጩ ይሄዳል። አጎቴ ናቸው ብለው ቃል ሰጥተዋል።»

«አጎት የለኝም።»

ቅጹን በመስኮቱ ሥር አሳለፈችልኝ። ጻፍኩ። አራተኛው ጥያቄ ላይ ስደርስ ቆምኩ። ተሳፋሪው የደህንነት ቀበቶ አስሮ ነበር? ካላሰረ ለምን? ባዶው መስመር አንድ ብቻ ነው። እኔ የምለው በአንድ መስመር አይገባም፤ ደግሞም የሚነገረው ለወረቀቱ አልነበረም። ወደ ልጅቷ ዞርኩ።

«አልተመለስንም» አልኳት። «መልሰኝ አላሉኝም። ሐኪም ቤቱ ጋ ደርሰንም አናውቅም። ኩርባው ጋ ስንደርስ ጉዞውን ዘጋሁ። ስዘጋው ስልኩ ጮክ ብሎ ይናገራል፤ ደርሰዋል፣ በሰላም ይውረዱ ይላል። አባትሽ አያዩም። ስልኩ ደርሰዋል ሲል ትፈታለህ ብለሻቸዋል። ሲል ፈቱት።»

እጇን አፏ ላይ አደረገች።

«ደወሉ ጮኸ። ሰምቼዋለሁ። አባባ ገና ነን፣ ይሰሩት ልላቸው ነበር። አዲስ ጥሪ ገባና ስልኩን አየሁ። ስልኩን እያየሁ ነው የቆመው መኪና ኋላ የገባሁት። ጥፋቱ የእሳቸው አይደለም፣ ያንቺም አይደለም። ያልሻቸውን ነው ያደረጉት።»

ሠራተኛዋ መጻፍ አቁማለች። የልጅቷ ዕንባ ፋይሉ ላይ ይንጠባጠባል፣ አትጠርገውም። አንቺ ምራቅሽን ትፊብኝ፣ ስደቢኝ፣ የሆነ ነገር በይ አልኩ በልቤ።

«ከፈታው በኋላ» አለች፣ «አንዲት ደቂቃ ነበረ ማለት ነው። ደርሷል ካሉኝ በኋላ በሕይወት ነበር።»

«ነበሩ።»

«ምን አለ?»

ይህን ማንም አልጠየቀኝም ነበር። ፖሊሱ አልጠየቀኝም፣ ኢንሹራንሱ አልጠየቀኝም፣ ጠበቃውም። ሠላሳ ቀን ሙሉ ከደወሉ ጋር አብሮ የሚመጣው ግን እሱ ነው።

«መንገዱን ሁሉ ስለ ሥራቸው ሲያጫውቱኝ ነበር» አልኳት። «ሠላሳ ዓመት የሊፍት ሠራተኛ ነበርኩ፣ ሦስተኛ ፎቅ ደርሰናል፣ አምስተኛ ፎቅ ደርሰናል እያልኩ ስንቱን ሰው አወረድኩ አሉኝ። እና ስልኩ ደርሰዋል ሲል ቀበቶውን ፈቱና ሳቁ። ‹ሰማሃት ይቺን? ሥራዬን ወሰደችብኝ› አሉ። ‹ግን እኔ በሩ ሳይከፈት ደርሰናል ብዬ አላውቅም› አሉ። ይኸው ነው። ከዚያ ሌላ ቃል አልተናገሩም።»

ልጅቷ ሳቀች። በዕንባዋ መሃል፣ ሳታስበው፣ አመለጣት። «እንደሱ ነው የሚለው» አለች። «ልክ እንደሱ ነው የሚለው።» ከዚያ ፊቷን በጋውኗ ሸፍና አለቀሰች። ይቅር አላለችኝም፤ እኔም አልጠየቅኳትም።

ፈረምኩ። ሠራተኛዋ ቅጹን ወስዳ ኮምፒውተሯ ላይ መጻፍ ጀመረች። «ካሳውን ኮሚቴ ያየዋል» አለች፣ ድምፅዋ ለስልሶ። «አሁን ግን መዝገቡ መታረም አለበት። ለማረም ጉዞውን እንደገና መክፈት አለብኝ።» አንድ ነገር ነካች።

የልጅቷ ስልክ እጇ ውስጥ ነዘረ። ዕንባዋን ጠርጋ አየችው። ደጋግማ አነበበችው፤ ከዚያ ለእኔ ዘረጋችልኝ። ያው የድርጅቱ ቁጥር ነው።

ውድ ደንበኛችን፣ ጉዞዎ ተከፍቷል። ተሳፋሪዎ በመንገድ ላይ ናቸው።

«ወይኔ፣ ይቅርታ!» አለች ሠራተኛዋ። «ሲስተሙ በራሱ ነው የሚልከው። አይዞሽ፣ አሁን ትክክለኛውን ሰዓት አስገብቼ እዘጋዋለሁ።»

«ቆይ» አለች ልጅቷ። ስልኩን በሁለት እጇ ይዛ ደረቷ ላይ አድርጋዋለች። «ትንሽ ይቆይ። እባክሽ አትዝጊው።»

ሠራተኛዋ እኔን አየችኝ፣ ሰልፉን አየች፣ እጇን ከኮምፒውተሩ ላይ አነሳች። ልጅቷ ሄዳ አግዳሚው ላይ ተቀመጠች። እኔ ትንሽ ራቅ ብዬ ጫፉ ላይ ተቀመጥኩ። አራት ዓመት በዚህ ሥራ አንድም ጉዞ እስከ በሩ ድረስ ጠብቄ አላውቅም። ያን ቀን እሷ ይበቃል እስክትል ጠበቅኩ።